ከሄልሜት እስከ ከስክስ፦ የሞተር ነጂ መከላከያ በኪስ ልክ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጥግ ቆማችሁ ወደ ቃሊቲ የሚያልፉትን ሞተሮች ተመልከቱ። ለብርዱ ብሎ ጃኬቱን ከፊት ወደ ኋላ ገልብጦ የለበሰ፣ በነጠላ ጫማ ፍሬን የሚረግጥ፣ ሄልሜቱን እንደ ዘንቢል ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲያይ ብቻ የሚደፋ፣ ሁሉም ዓይነት ያልፋል። እኔም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነበርኩ።

ልብ የገዛሁት ከኮዬ ፈጬ ስመለስ ነው። ኮብልስቶኑ አልቆ ጠጠሩ በሚጀምርበት ቦታ ውሻ ገባብኝ፤ የፊት ፍሬን ጨብጬ ያዝኩ፤ ቦክሰር ሞተሬ ከሥሬ ሄደች። ፍጥነቴ 30 እንኳ አይሞላም ነበር። የዚያን ቀን ዕድል ሆኖ ሄልሜቱ ራሴ ላይ ነበር፤ ጓንት ግን አልነበረኝም። የቀኝ መዳፌ ቆዳ ጠጠሩ ላይ ቀረ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንጀራ የቆረስኩት በግራ እጄ ነው። እናቴ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው» እያለች በመጨረሻ ራሷ ታጎርሰኝ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለሰፈሩ ልጆችም ዕቃ ስመርጥ የምከተለው ስሌት አንድ ነው። ለሞተር ተብሎ የተሠራ መሆን ያለበት ሄልሜቱ ነው። የቀረውን ከግንበኛው፣ ከበያጁ፣ ከወታደሩና ከሰፈሩ ልብስ ሰፊ መዋስ ይቻላል።

1. ብሩን ከቤት ሳትወጡ አካፍሉ

ሱቅ ገብቶ ማሰብ አይሆንም፤ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ሁልጊዜ ጃኬቱ ነው። ያላችሁን ብር አሥር ቦታ ክፈሉት። አምስቱ ለሄልሜት፣ ሁለቱ ለጫማ፣ አንዱ ለጓንት፣ ሁለቱ ለጃኬትና ለጉልበት። ዘንድሮ ያለው አምስቱ ብቻ ከሆነ ሄልሜቱን ገዝታችሁ ሂዱ፤ ሌላው በየወሩ ይደርሳል። «በአንድ ጊዜ ሁሉንም ልሙላ» ብሎ ግማሽ ሄልሜትና ግማሽ ጃኬት መግዛት የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

ሄልሜቱ ለምን ግማሹን ብር ይበላል? እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመና 61 ጥናቶችን ያገናዘበ ግምገማ፣ ሄልሜት አደጋ ለደረሰበት ነጂ የመሞት ዕድሉን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳቱን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። በዚህ ብር ይህን የሚሠራ ሌላ ዕቃ የለም።

2. ራሳችሁን ለኩ

የልብስ ሰፊ ሜትር ተዋሱ። ከቅንድባችሁ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከጆሮ በላይ አሳልፋችሁ፣ ከኋላ ጭንቅላታችሁ በጣም በወጣበት ቦታ ላይ አዙሩት። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ ትልቁን ቁጥር ያዙ። በአብዛኞቹ አምራቾች ዘንድ 55 እና 56 ሴንቲ ሜትር ስሞል፣ 57 እና 58 ሚዲየም፣ 59 እና 60 ላርጅ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱ ሠንጠረዥ አለው፤ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ሹሩባ የተሠራችሁ ወይም ፀጉራችሁን ያጎፈራችሁ፣ ሁልጊዜ በምትነዱበት ፀጉር ለኩ። ሻርፕ ጠምጥሞ በላዩ ሄልሜት መድፋት ልኩን ያበላሻል። ለብርዱ ከፈለጋችሁ ስስ የጨርቅ ቆብ ይበቃል።

3. ሱቁ ውስጥ ሄልሜቱን ገልብጡት

ሻጩ የሚያሳያችሁ ውጪውን ነው፤ ቀለሙን፣ ስዕሉን። እናንተ ግን ገልብጣችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ባለፈው ዓመት ለአንድ ጎረቤቴ ስንገዛ የነበረው ክርክር ይህን ይመስል ነበር።

«ወንድሜ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው፤ ከኋላው ዶት ይላል።»

«ምልክቱን አየሁት፤ ማሰሪያውስ ላይ ምን ተሰፍቷል?»

«ማሰሪያ ማሰሪያ ነው እንግዴ!»

ማሰሪያ ማሰሪያ ብቻ አይደለም። ዶት የአሜሪካ ምልክት ነው። በአሜሪካ አሠራር አምራቹ ራሱ «መመዘኛውን አሟልቻለሁ» ብሎ ይለጥፈዋል፤ መንግሥት ከሽያጭ በፊት መርምሮ አያጸድቅለትም። ስለዚህ ስቲከሩን ማንም አትሞ መለጠፍ ይችላል። የአውሮፓው ኢ.ሲ.ኢ. ግን ሄልሜቱ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በገለልተኛ ቤተ ሙከራ ይፈተናል፤ ምልክቱም የሚገኘው ብዙ ጊዜ የአገጭ ማሰሪያው ላይ በተሰፋ ትንሽ ጨርቅ ላይ ነው። በክብ ውስጥ የላቲኗ ትልቋ ኢ ፊደል ከቁጥር ጋር ትታያለች፤ ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠው አገር ነው፦ 1 ጀርመን፣ 3 ጣሊያን፣ 4 ኔዘርላንድስ፣ 9 ስፔን። ከሥሯ ያለው ረጅም ቁጥር በ05 ወይም በ06 ይጀምራል። 06 አዲሱ ደንብ ነው፤ ሄልሜቱ አስፋልት ላይ በግድም ሲመታ የሚፈጠረውን መጠምዘዝ ጭምር ይፈትናል። 05 ብታገኙም አትሸሹ። በረጅሙ ቁጥር መጨረሻ ፒ ፊደል ካለች አገጩም ተፈትኗል ማለት ነው፤ ጄ ከሆነች አገጭ የሌለው ነው። የሕንድ ሄልሜቶች ላይ ደግሞ አይ.ኤስ.አይ. የሚለው ምልክትና 4151 የሚለው ቁጥር ይፈለጋል። ባጃጁም ቲቪኤሱም ከዚያው አገር ስለሚመጣ እነዚህን በእኛ ገበያ ማግኘት አይከብድም።

ምልክትም እንደ ስቲከሩ ይሰረቃልና በምልክቱ ብቻ አትረኩ። የጉንጩን ስፖንጅ በጣታችሁ ገለጥ አድርጉ። ከሥሩ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣውን የመሰለ ጠንካራ ፎም (ነጭም ጥቁርም ሊሆን ይችላል) ማግኘት አለባችሁ፤ ውፍረቱ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይጠጋል። ሕይወት የሚያተርፈው እሱ ነው። ሲመታ ይጨፈለቅና ለአንጎላችሁ ሊደርስ የነበረውን ኃይል ይውጠዋል። ጣታችሁ ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ አግኝቶ ቀጥታ ፕላስቲኩን ከነካ የያዛችሁት የፀሐይ ባርኔጣ ነው፤ መልሱት። ክብደቱም ይናገራል። ደህና ሄልሜት ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ግማሽ ኪሎ የማይሞላውን ሻጩ «ቀላል ነው፣ አንገት አያደክምም» ብሎ ያመሰግንላችኋል። እውነት ነው፣ አያደክምም።

ማሰሪያውን ያዙና በኃይል ጎትቱ። ከሄልሜቱ ጠንካራ የውጪ ቅርፊት ጋር በብረት የተያያዘ መሆን አለበት። በሁለት ቀለበት የሚታሰረውም፣ ባለ ጥርስ ሆኖ «ጠቅ» የሚለውም ጥሩ ነው። እንደ ቦርሳ ቁልፍ ያለ ስስ ፕላስቲክ መቆለፊያ ያለውን ግን እለፉት።

ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ወይስ ክፍቱ? እኔ ሁልጊዜ ሙሉውን እላለሁ። ሰው በፊቱ ሲወድቅ አገጩም መሬት ሊመታ ይችላል፤ የከተማው ዳር መንገድ ደግሞ ከአይሱዙና ከሲኖትራክ ጎማ ሥር ጠጠር እየፈናጠረ ፊት ላይ ይተኩሳል። «ይሞቃል» የሚል አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ናት፤ የምን ሙቀት!

ያገለገለ ሄልሜት አትግዙ። ያገለገለ ጃኬት ግዙ፣ ያገለገለ ጫማ ግዙ፤ ሄልሜት ግን አይሆንም። ፎሙ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ ከላይ ቀለሙ ሳይጫር ውስጡ አልቆ ሊሆን ይችላል።

የግንባታ ቆብ ነገርም አለ። ለተሳፋሪ ብለው ቢጫውን የግንበኛ ቆብ ከኋላ የሚያስሩ ብዙ ናቸው። ያ ቆብ የተሠራው ከላይ ለሚወድቅ ድንጋይ ነው፤ ከጎንና ከኋላ ለሚመጣ ምት መከላከያ የለውም። ሲወድቁም ከሰውየው ቀድሞ ተንከባሎ የሚሄደው እሱ ነው።

4. እዚያው ደፍታችሁ ቆዩ

ልኩ የሆነ ሄልሜት አዲስ ሲሆን ጉንጭን ይጨምቃል፤ ስታወሩ የውስጥ ጉንጫችሁን ጥርሳችሁ እስኪነካው ድረስ። ከላይ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ስታዞሩት የፊታችሁ ቆዳ አብሮት መሄድ አለበት። ቆዳው ቆሞ ሄልሜቱ ብቻ ከዞረ ሰፊ ነው። ከዚያ ማሰሪያውን እሰሩ፤ በአገጭና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት ከገባ ይበቃል። አሁን የሄልሜቱን የኋላ ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ፊት ግፉት። ከወለቀ፣ በአደጋም ቀን ይወልቃል።

ሩብ ሰዓት ሳታወልቁ ሱቁ ውስጥ ቆዩ። ሻጩ ቢያጉረመርም ሻይ ጋብዙት። ግንባር ላይ አንዲት ነጥብ ለይታ ካቃጠለች ቅርጹ ለእናንተ ራስ አይደለም። ጉንጭ በጊዜ ይላላል፣ ግንባር ግን አይላላም።

5. ቀለም በነፃ የሚገኝ መከላከያ ነው

በኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ፣ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ነጭ ሄልሜት ያደረጉ ነጂዎች ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ ያነሰ፣ አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱ ደግሞ ካልለበሱት በ37 በመቶ ያነሰ የአደጋ ስጋት እንደነበረባቸው አሳይቷል። ነጭና ጥቁር ሄልሜት ዋጋቸው አንድ ነው። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት አንጸባራቂ ሰደርያ ደግሞ ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ሳይሆን አይቀርም። መብራት በሌለው የገላን ወይም የየካ አባዶ መንገድ ላይ ማታ ሁለት ሰዓት የምትሄዱ፣ በተለይ ድምፅ በሌለው የኤሌክትሪክ ሞተር የምትሄዱ፣ ከጃኬቱም ቀድማችሁ ሰደርያውን ግዙ። ጠቁሮ የመጣውን የሄልሜት መስታወት (ፕላስቲክ ነው፣ ግን ሁላችንም መስታወት እንለዋለን) ማታ አትንዱበት፤ ገንዘብ ካለ ለማታ የሚሆን ነጩን ለብቻው ያዙ።

6. ጓንት

ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፤ ማንም አስቦ አይደለም። ስለዚህ መዳፉ ቆዳ መሆን አለበት። ለብርድ የምናደርገው የሱፍ ጓንት ጠጠር ላይ ልክ እንደሌለ ነው።

የበያጅ ረጅሙ ጓንት ጠንካራ ነው፣ ግን ወፍራም ስለሆነ ፍሪሲዮን መያዝ ያስቸግራል። የሚሻለው በግንባታ ዕቃ መሸጫዎች የሚገኘው አጭሩ፣ ሁለመናው ቆዳ የሆነው የሥራ ጓንት ነው። መዳፉ ላይ ሁለተኛ የቆዳ ድርብ ያለውን ምረጡ። አንድ ጉድለት አለው፤ አንጓው ላይ አይታሰርም፣ ሲወድቁ ተገፎ ይሄዳል። ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዳችሁ አንጓው ላይ ማጣበቂያ ያለው ማሰሪያ አሰፉበት። ከዚያ እጃችሁን ጨብጡና ሌላ ሰው በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ይጎትተው፤ ካልወለቀ ሆነ ማለት ነው። በበግ ሌጦ የሚሠራው የአገራችን ስስ ጓንት ውብ ነው፤ የበጋችን ቆዳ በዓለም ለጓንት ተፈላጊ ነው። ግን ለአለባበስ እንጂ ለአስፋልት አልተሠራም።

7. ጫማ

እዚህ ላይ ከሞተር ሱቅ ይልቅ ግንበኛውና ወታደሩ ይበልጣሉ። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ሴፍቲ ጫማ ወይም ከስክስ ይበቃል። ሸራ ጫማ ሲወድቁ ይወልቃል። ኮንጎና ቦቲ ደግሞ ማርሚታ ሲነኩ ይቀልጣሉ፤ ቁርጭምጭሚትም አይይዙም። በነጠላ ጫማ ስለመንዳት ምንም አልጽፍም፤ የማርሚታ ጠባሳ ያለባችሁ ታውቁታላችሁ።

ብረት አፍንጫ ያለውን ስትመርጡ ከመክፈላችሁ በፊት ሞተራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ ማርሽ ቀይሩበት። አፍንጫው ወፍራም ከሆነ ከማርሽ መርገጫው ሥር አይገባም። መርገጫውን መካኒኩ አንድ ጥርስ ከፍ ሊያደርግላችሁ ይችላል፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የጫማውን ክር ትርፍ ወደ ውስጥ ክተቱ። ክሩ መርገጫ ላይ ተጠምጥሞ መብራት ላይ ቆሞ የወደቀ ሰው አይቻለሁ፤ ከአካሉ ይልቅ ክብሩ ነው የተጎዳው።

8. ጃኬትና ሱሪ፦ ልብስ ሰፊው ዘንድ

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ነው። ተራ ጂንስ አስፋልት ላይ ሲፋተግ ለመቀደድ አንድ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅበትም። የስፖርት ቱታ ከዚያም የከፋ ነው፤ በፍትጊያው ግለት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

መጀመሪያ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥበት ሂዱ። በቦንዳው መሐል አንዳንዴ እውነተኛ የሞተር ጃኬት ይወጣል፤ ሻጩ ብዙ ጊዜ «ከባድ የብርድ ጃኬት» ብሎ ነው የሚሸጠው። የምትለዩት በክርንና በትከሻው ላይ ጠንካራ ሰሌዳ በመኖሩ ወይም ሰሌዳው የሚገባበት ኪስ በመኖሩ ነው። ስፌቱን ጎትታችሁ ፈትሹ፤ ክሩ ከተበጠሰ ተዉት። የፋሽን ሌዘር ጃኬት አያታልላችሁ። ለሞተር የሚሠራ የበሬ ቆዳ ውፍረቱ ከ1.1 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፋሽኑ ብዙ ጊዜ ከዚያ በእጅጉ ይሳሳል። እጀታውን አጥፋችሁ በጣት ቆንጥጡት፤ እንደ ወረቀት በቀላሉ ከታጠፈ ለሠርግ ይሁንላችሁ።

ካልተገኘ ወፍራም የጥጥ ሸራ ገዝታችሁ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሂዱ። እኔ የሄድኩባቸው አንድ ጋሼ መጀመሪያ «ድንኳን ነው የምሰፋልህ?» ብለው ሳቁብኝ፤ አሁን ለስድስት ልጆች ሰፍተዋል። የምትነግሯቸው ይህን ነው፦

ትከሻ፣ ክርን፣ ዳሌና ጉልበት ላይ ሸራው ድርብ ይሁን። ስፌቱ ሁሉ ሁለት መስመር ይሁን፣ ክሩም ወፍራም ናይለን። ልካችሁን የሚወስዱት ቆማችሁ ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ እጃችሁን መሪ እንደያዘ ሰው ዘርግታችሁ ነው፤ አለበለዚያ ስትነዱ እጀታው ወደ ክርን ይሸሻል፣ ሱሪውም ወደ ባት። እጀታው በጓንቱ ላይ ይውረድ። በክርን፣ በትከሻና በጉልበት በኩል ከውስጥ የሰሌዳ ኪስ ይሠራ፤ ኪሱ ጠበብ ይበል፣ ሰሌዳው ከመገጣጠሚያው ካመለጠ አይረዳም።

ሰሌዳውን ከአሮጌ የሞተር ጃኬት ማውጣት ወይም ለብቻው መግዛት ይቻላል። ላዩ ላይ 1621 የሚል ቁጥር ፈልጉ። በዚያ የአውሮፓ ፈተና ደረጃ 1 የሆነው ሰሌዳ ከምቱ በአማካይ ከ35 ኪሎ ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ያልበለጠ፣ ደረጃ 2 ከ20 ያልበለጠ ኃይል ብቻ ያሳልፋል። ፍራሽ ሰፊው የሚቆርጠውን ስፖንጅ ኪሱ ውስጥ መክተት ግን ራስን መደለል ነው፤ በአውራ ጣት ተጭናችሁ ወለሉን ካገኛችሁት አስፋልቱም ያገኘዋል። ለጉልበት ቢያንስ በሞተር ሱቆች ያለውን ባለ ማሰሪያ የጉልበት መከላከያ ከሱሪው በላይ እሰሩ። ሴራሚክ አንጣፊዎች የሚጠቀሙበት ለምት አልተፈተነም፤ ከባዶ ጉልበት ግን ይሻላል።

9. ክረምትና ብርድ

ከሰኔ እስከ መስከረም የአቃቂና የኮዬ መረሬ ጭቃ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል፤ ከሱሉልታ በእንጦጦ የሚወርዱት ደግሞ ጣታቸው ደንዝዞ ፍሬን በወጉ አይጨብጡም። ከላይ ወደ ታች የሚንጠለጠለውን ሰፊ የዝናብ ካፖርት ተዉት፤ ጫፉ ካቴና ውስጥ ይገባል። ሱሪና ጃኬቱ የተለያየውን ግዙ፣ ከመከላከያ ልብሱ በላይ እንዲገባ አንድ ቁጥር አስፍታችሁ። ሰደርያው ከሁሉም በላይ ይሁን። ደረት ላይ ካርቶን መክተት ለነፋስ ይሠራል፤ ለሌላ አይደለም።

10. ከኋላ የሚቀመጠው ሰው

የተሳፋሪ ሄልሜት ከእናንተው እኩል መፈተሽ አለበት። ለብዙ ሰው የሚውል ከሆነ የሚታጠብ ስስ ቆብ አብራችሁ ያዙ፤ ሰዎች ሄልሜት የማያደርጉት አንዱ ምክንያት የሌላ ሰው ላብ ነው። ነጠላ ወይም ረጅም ሻርፕ የለበሰች እናት ስትሳፈር «እማማ፣ ነጠላውን ወገብዎ ላይ ይሰሩት» በሏት፤ ስትቀመጥም ጫፉ በጎማው በኩል እንዳልተንጠለጠለ ዞራችሁ እዩ። እግሯ ማርሚታውን እንዳይነካም አሳዩዋት።

11. አያያዝ

ሄልሜቱን በለሰለሰ ሳሙናና በውኃ እጠቡት። ቤንዚን ወይም ቀለም ማቅጠኛ አታስነኩት፤ ቅርፊቱንም ፎሙንም ይበላል። በሞተሩ የኋላ ማሳያ መስታወት ጫፍ ላይ አታንጠልጥሉት፤ ፎሙን ይጎደጉደዋል። ሳትወድቁም ቢሆን በአምስት ዓመት ገደማ ቀይሩት።

ከወደቃችሁና ሄልሜቱ መሬት ከመታ ግን፣ ምንም ባይታይበትም፣ ሥራው አልቋል። ስትጥሉት ማሰሪያውን በመቀስ ከሥሩ ቁረጡት፣ ላዩ ላይም በማርከር ትልቅ ኤክስ አድርጉበት። እንዲሁ ደጅ ካስቀመጣችሁት ጠዋት ቆራሌው ይወስደዋል፤ ምን ዓለሽ ተራ ደርሶ ተወልውሎ ሌላ ልጅ በርካሽ ይገዛዋል።